እግሩ ያበጠው ጓዴ

ይህ የደረሰብኝ በ1970 ዓ.ም. በበጋው መግቢያ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ዓመቱ ምን ዓይነት እንደነበር በዕድሜ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ያላት እናት ልጇ ሲወጣ ደጅ ቆማ በዓይኗ የምትሸኝበት፣ ሲመለስ ደግሞ ዳግመኛ የተወለደላት ያህል የምታመሰግንበት ጊዜ ነበር። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ውሻችን ነው። ዛሬም ኅዳር ሲታጠን የቆሻሻው ጭስ ሲሸተኝ ያ ቀን ይመጣብኛል።

ያኔ የምንኖረው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰፈር ያኔ ጭር ያለ ነው። ከአጥራችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አሰብ መንገድ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረው ልጄ ይልማና ውሻችን ነበርን።

ውሻውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ንጉሡ ዙፋን ላይ እያሉ፣ አዋሽ አካባቢ መንገድ ዳር ወድቆ ነው ያገኘው። ገና ዓይኑን የገለጠ ቡችላ ነበር። ካደገም በኋላ ለብዙ ጊዜ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ይጓዝ ነበር። «ብቻዬን ስነዳ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ የማወራው ከእሱ ጋር ነው» ይላል ባለቤቴ። ስለዚህ ስሙን ጓዴ አለው። በዚያን ጊዜ ጓዴ ማለት የመንገድ ባልንጀራዬ ማለት ብቻ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ቃሉ ከእኛ ግቢ ወጥቶ ሬዲዮ ውስጥ ገባ። ቀበሌ ስንሄድ ጓድ፣ ሱቅ ስንሰለፍ ጓድ ሆነ። ስሙን ልንለውጥ ሞክረን ነበር። ይልማ «ቡቺ» ብሎ ቢጠራው ዘወር ብሎም አላየው። ባለቤቴ «ነብሮ» አለው፣ እሱንም ናቀው። ያረጀ ውሻ ነው፣ አዲስ ስም ከየት ይለምዳል? ግቢ ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጓዴ እንለዋለን። ውጭ ስንሆን ደግሞ ስም ሳንጠራ እናፏጭለታለን።

በአጥር የምንገናኝ አንዲት ጎረቤት ነበሩን፣ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ቀልድ አያልቅባቸውም። «በዚህ ቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ የማይጠየቅ ጓድ የእናንተ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ የጓዴ የፊት ቀኝ እግር አበጠ። መጀመሪያ እሾህ መሰለን። ይልማ የአባቱን የእጅ ባትሪ ይዞ በጣቶቹ መካከል አንድ በአንድ ፈለገ፣ ምንም የለም። አልተቆረጠም፣ አልተወጋም፣ ጥፍሩም ደህና ነው። መዳፉ ግን ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፋ። አንዳንድ ቀን እብጠቱ ይጎድልና ዳነልን ስንል በማግሥቱ ብሶበት እናገኘዋለን። ሌላም ሌላም ነበረበት። ዓይኖቹ ጉም ለብሰዋል፣ ጆሮው ከብዷል፣ ውሃ ያለ ልክ ይጠጣል፣ ሲመሽ ይስላል።

ባለቤቴ ለመጨረሻው ጉዞ ሳይወጣ በመኪናው ጭኖ አንድ የእንስሳት ሐኪም አሳየው። ሐኪሙ ጨመቀው፣ አሸተተው፣ ቆሞ አየው። «እውነቱን ልንገርህ፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም» አለው። ለብ ባለ የጨው ውሃ እንድናጥበው፣ ቅባት ቀብተን በንጹሕ ፋሻ እንድንጠቀልለው፣ ከዝንብም እንድንጠብቀው አዘዘና ሸኘው።

ባለቤቴ አሰብ ከሄደ በኋላ እብጠቱ በጣቶቹ መካከል ፈነዳ። ደምና መግል ይወጣው ጀመር። ጠዋትና ማታ አጥበዋለሁ፣ እጠቀልልለታለሁ። ያስቀመጥኩት ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ነው። ደጅ አላወጣውም። የታመመ ውሻ መንገድ ላይ ከታየ ባለቤት የለውም ተብሎ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣልለታል ይባል ስለነበር ፈራሁ።

ፋሻው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ቤት አዘወተርኩ። አንድ ቀን ባለ መድኃኒት ቤቱ «ቁስሉ አልደርቅ አለ?» አለኝ።

«አልደረቀም» አልኩት።

«ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን አይሄድም?»

«እሱን ደግሞ የትኛው ሐኪም ቤት ይቀበለዋል ብለህ ነው?» አልኩት።

እኔ የማወራው ስለ ውሻ ነው። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አንገታቸውን አሰገጉ። ፋሻዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከእትዬ አስካለ ጋርም በየጠዋቱ በአጥር እንነጋገራለን።

«ጓዴ እንዴት አደረ?» ይሉኛል።

«ሲያቃስት ነው ያደረው እትዬ፣ እግሩ ዛሬም አብጧል።»

«እስቲ ወጣ አድርጊውና ፀሐይ ይንካው!»

«ውይ! ሰው ቢያየውስ?»

አጥሩ የቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ወዲያ መንገድ ነው። ማን እንደሚያልፍ አስበን አናውቅም።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። እንደምታውቁት በዚያ ቀን የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል። በሽታ ይርቃል ተብሎ ከጥንት የመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ እኔም ግቢዬን ጠርጌ፣ ቅጠሉንና ቡትቶውን ከበሩ ውጭ ከምሬ እሳት ለኮስኩ። የጓዴን አሮጌ ፋሻዎችም ጨመርኩበት። ርጥብ ስለነበሩ አልነድ ብለው ይጨሱ ጀመር።

መሣሪያ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በመንገዱ አለፉ። አንደኛው ቆም አለና በእንጨት ቆሻሻውን ቆስቁሶ ደም የነካው ፋሻ አወጣ። ወደ ላይ አንጠልጥሎ ለጓደኞቹ አሳያቸው። ምንም ሳይሉኝ ሄዱ። እኔም ምንም አልመሰለኝም። ገብቼ የጨው ውሃ ጣድኩ።

ውሃው ሳይሞቅ በሩ በርግጫ ተከፈተ።

ፊት ሆኖ የገባው የቀበሌያችን የጥበቃ ኃላፊ ጓድ መንገሻ ነው። ሽጉጡን መዝዟል። ይልማ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያጠና ነበር።

«ተነሳ! በደረትህ ተኛ!»

ልጄ ደብተሩን እንደያዘ ግቢው መሬት ላይ ተኛ። አንዱ የጠመንጃውን አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ አሳረፈ። ሌላው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና እግሮቹን ማየት ጀመረ። የግራ ጉልበቱ ተልጧል።

«ይሄስ?»

«ኳስ ስጫወት…»

«ዝም በል!»

ጓድ መንገሻ ወደ እኔ ዞረ። «የደበቅሽውን አውጪ» አለኝ።

«ምን ደበቅኩ ጌታዬ?»

«ጌታ የሚባል የለም! ፋሻ በየጊዜው ትገዣለሽ። ሐኪም ቤት አይቀበለውም ብለሻል። ለጎረቤትሽ ሰው እንዳያየው ብለሻል። ደሙን ደጅሽ ላይ ስታቃጥዪ ደግሞ የጥበቃ ልጆቹ በዓይናቸው አይተዋል። እግሩ የቆሰለው ማነው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። ቤቴ ውስጥ በጥይት የቆሰለ ሰው ደብቄያለሁ ብለው ነው የመጡት። እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ቤት ልጅ ምን እንደሚደረግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ውሻ ነው ብል ያበቃ ነበር። እመኑኝ፣ ያ ቃል ጠፋብኝ። ዓይኔ ልጄ ማጅራት ላይ ባረፈው ብረት ላይ ተተክሏል። አፌ ላይ የመጣልኝ ጠዋትና ማታ የምጠራው ስም ብቻ ነው።

«ጓዴ ነው» አልኩ።

«የማን ጓድ?»

«የባለቤቴ… ጓዴ።»

«ስሙን ጥሪ!»

«ጓዴ።»

«ስሙን ነው ያልኩሽ!»

«ስሙ ነው… ጓዴ ነው…»

ይልማ ቀና ብሎ ሊናገር ሲል በአፈሙዙ ጭንቅላቱን ወደ መሬት መለሱት። እኔ በልቤ «ሚካኤል፣ በቀንህ! በቀንህ!» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

«የት ነው ያለው?»

በእጄ ወደ ሰርቪሱ አሳየሁ። ወዲያው ተበታተኑ። አንዱ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተንበረከከ፣ ሌሎቹ ግድግዳውን ተጠጉ። መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁ። ጓድ መንገሻ በሩ ፊት ለፊት ቆሞ ጮኸ።

«አንተ ጓዴ የምትባለው! ተከበሃል! እጅህን ወደ ላይ አድርገህ ውጣ!»

ምንም የለም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምናገረው! ጓዴ! ጓዴ!»

ጆሮው ከከበደ ወዲህ እኔ ስጠራው ካልቀረብኩት አይሰማም ነበር። ይህን ጩኸት ግን ሰማ። በሩ ከውስጥ ገፋ ገፋ ተደረገና ትንሽ ተከፈተ። መጀመሪያ የታየው ወደ ላይ የተነሳ ነጭ ፋሻ ነው። ከዚያ ሽበት የወረሰው አፍንጫው መጣ። መሬት ሲነካ ስለሚያመው የታመመውን እግሩን ደረቱ ድረስ አንስቶ፣ በሦስት እግሩ እያነከሰ፣ ግቢው መካከል ድረስ ወጣ። ጉም በለበሱት ዓይኖቹ የጠራውን ሰው ፈለገ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ጓድ መንገሻ ሄደና ጅራቱን ቆላለት።

ግድግዳውን የተጠጉት አፈሙዛቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሁሉም አለቀ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ግን አላለቀም። የጓድ መንገሻ ፊት ጠቆረ። ሽጉጡን አላወረደም።

«ውሻ ነው ጓድ የምትሉት? በአብዮቱ ላይ ነው የምትቀልዱት?»

ምላሴ አሁን ተፈታ። «ኧረ በሚካኤል! ስሙ የወጣለት ንጉሡ እያሉ ነው። ባለቤቴ የመንገድ ጓዴ ብሎ ነው…» አልኩ። ንጉሡን በአክብሮት መጥራቴ የታወቀኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ያኔ ከበርሜሉ ጀርባ የተንበረከከው ወጣት ብድግ አለ። ፊቱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«ጓድ መንገሻ፣ በንጉሡ ጊዜ ጓድ ከተባለማ ከሁላችንም ቀድሞ የነቃ ነው!» አለ። ቀጥሎም «ደግሞ ዲሲፕሊኑን እይለት፣ እጅህን አንሳ ሲባል አንስቷል» አለ።

አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አመለጠው። ሌላውም ተከተለ። ጓድ መንገሻ ከንፈሩን ነክሶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ አልሳቅኩም። የማየው አፈሙዙ ከልጄ ማጅራት ሲነሳ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ጓድ መንገሻ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጎንበስ አለና ፋሻውን በሴንጢ ቀደደው። የተደበቀ ነገር መኖር አለመኖሩን ማየቱ ነው። ያበጠውን እግር በጣቱ ጫን አለው። ጓዴ አቃሰተ፣ ግን አልነከሰውም።

«ምን ነክቶት ነው?»

«እኛም አላወቅንም። ሐኪሙም አላወቀ» አልኩት።

«አርጅቷል» አለና ቀና አለ። «ስሙን ቀይሩት። ነገ ጠዋት በዚህ ሳልፍ አዲሱን ስም እሰማለሁ። ካልሆነ ቀበሌ እንገናኛለን።»

ሄዱ። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። ይልማ ከመሬት አልተነሳም።

«እማዬ» አለኝ ፊቱን ሳያነሳ፣ «ልነሳ?»

«ተነሳ የኔ ልጅ።»

«ሄደዋል?»

«ሄደዋል።»

እንዲያ ብዬውም ወዲያው አልተነሳም። ሱሪው እንደተጠቀለለ፣ ደብተሩም ደረቱ ሥር እንደሆነ ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጓዴም መጥቶ በመካከላችን ተኛ።

እትዬ አስካለ የአጥሩን ቆርቆሮ ይዘው «እኔ ነኝ ጉድ ያፈላሁባችሁ! ይህን አፌን!» እያሉ ያለቅሳሉ። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ ስም ማፈላለግ ጀመሩ። «አንበሳ በሉት!» አሉ።

ይልማ ያን ጊዜ ከመሬት ተነሳ። «እትዬ፣ ደግሞ በንጉሡ ምልክት ሊያሳስሩን ነው?» አላቸው።

ሦስታችንም ሳቅን። የመጣልንን ስም ሁሉ በጓዴ ላይ ሞከርንበት። አንዱንም አልሰማ አለ።

«እማዬ፣ ውሻ ነው ማለት እንዴት አቃተሽ?» አለኝ ይልማ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ጓዴ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ኖረ። እብጠቱ እየጎደለ እየሞላ ቆየ፣ ከምን እንደመጣ እስከ መጨረሻው አላወቅንም። በሞተ ጊዜ ባለቤቴ ከአጥሩ ጥግ ቀበረው። ይልማ ዛሬ የልጆች አባት ነው። በዚያ ዓመት በደረታቸው ተኝተው «ልነሳ?» ብለው ሳይጠይቁ የቀሩ ስንት ልጆች አሉ። እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ ጎረቤቶቼ ነበሩ። ሚካኤል የእኔን ልጅ ያተረፈልኝ ለሥራዬ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይህን ነገር ሳወራ ድምፄን ዝቅ የማደርገው። ያን ከበርሜሉ ጀርባ የተነሳውን ወጣት ዳግመኛ አላየሁትም። ስሙንም አላወቅኩ። በጸሎቴ «ያ ያሳቃቸውን ልጅ አደራ» እላለሁ፣ ለማን እንደምል ሚካኤል ያውቃል።

ወደዚያ ጊዜ ልመለስና፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጠዋት የጨው ውሃዬን አሞቅኩ። በሳፋ አድርጌ ከበሩ ውጭ፣ ትናንት እሳቱ የነደደበት ቦታ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጓዴን በቀስታ አወጣሁና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሩን ሳፋው ውስጥ አስገባሁ። መንገደኛው ሁሉ ይየው አልኩ። ከዚህ በኋላ የምደብቀው ነገር እንዲኖረኝ አልፈለግኩም። ስም ግን አላገኘሁም ነበር።

ጓድ መንገሻ እንዳለው መጣ። ሳይቆም «እንዴት አደራችሁ?» አለኝ።

«ተመስገን» አልኩት።

«ውሻውስ?»

እንዴት እንዳደረ የጠየቀኝ መሰለኝ። «ተመስገን» አልኩ፣ ከልቤ ነበር።

ቆም አለ። «ተመስገን» ብሎ ደገመው። ውሻውን አየው፣ እኔን አየኝ። «ይሁን፣ ከትናንቱ ይሻላል» አለና መንገዱን ቀጠለ።

የገባኝ ከራቀ በኋላ ነው። እግሩን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩለት፣ ቅባቱን ቀባሁት፣ አዲስ ፋሻ ጠቀለልኩለት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በከበደው ጆሮው ውስጥ «ጓዴ» አልኩት። ጅራቱን ቆላ። ቀና ብዬ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተመስገን!» አልኩ።